በወንፈል ማረም



ንግግሬን የምጀምረው በአንዲት የኮድ መስመር ነው። የጻፍኳት እኔ ነኝ። በ2009 ዓ.ም. ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ሲስተም ስንሠራ የኢትዮጵያን ቀን የሚያጣራው ክፍል የእኔ ድርሻ ነበር። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን እንደምትሆን ለፕሮግራሙ መንገር ነበረብኝ። «ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን አላት» ብዬ ጻፍኩ። አጭርና ንጹሕ መስመር ነበረች፤ ግን ስሕተት ነበረች። ለ4 ሲካፈል ቀሪ የማይተርፈው የፈረንጆቹ ዓመት ነው። የእኛ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ 2007፣ 2011፣ 2015 እያለች ትሄዳለች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሆኖም የትኛው ዓመት የትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ ደውዬ ብጠይቃት ወዲያው ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን ከፈረንጅ መጽሐፍ የለመድኩትን ቀመር ቀዳሁ።

«ቴስት አልነበረህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። «በ2008 ጳጉሜን 6 ቀን መሆን አለባት» የሚል ቴስት ጽፌ ነበር፤ አለፈ። ኮዱንም ቴስቱንም የጻፈው አንድ ጭንቅላት ስለሆነ ሁለቱ በስሕተቱ ተስማሙ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለት ዓመት ምንም አልተሰማም። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ረቡዕ ዋለ። ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። አባላቱ ለበግ፣ ለዶሮ፣ ለልጆች ልብስ ብራቸውን ሊያወጡ ከጠዋቱ ጀምሮ ተሰልፈዋል። ገንዘብ ቤቶቹ የዕለቱን ሥራ ለመክፈት ቀኑን ሲያስገቡ ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለ። ደግመው አስገቡ፤ አሁንም የለም። ከወረፋው አንዲት እናት «ታዲያ ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። እኔ የተደወለልኝ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ችግሩን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለማስተካከል ግን 0 የሚለውን ወደ 3 መቀየር በቃ። መስኮቶቹ እኩለ ቀን ግድም ተከፈቱ። እስከዚያው ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ነበሩ። እነሱን ዛሬም አስባቸዋለሁ።

የሚያመው ግን ከበዓሉ በኋላ የሆነው ነው። ሥራ ስንገባ ቡድኑን ሰበሰብኩና ነገሩን አስረዳሁ። ሁለት ዓመት አብሮን የሠራ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ሁሉም ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ አይቼው ነበር።»

«መቼ?»

«አምና ክረምት፣ ያን ክፍል ሳነበው። ሉቃስ አይደለም እንዴ ብዬ ነበር። ግን እርስዎ የጻፉት ስለሆነ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተውኩት።»

ምን ብዬ ልመልስለት? ልጁ አልሰነፈም፣ አልደበቀም። ያደረገው ታላቅን ማክበር ነው፤ እናቱም እናቴም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «የጻፍኩትን እየው፣ የት ጋ ተሳስቻለሁ?» ብዬው አላውቅም። የእሱን ኮድ ሁልጊዜ አያለሁ፤ የእኔን የሚያይ የለም። ያቺ መስመር ሁለት ዓመት የኖረችው በሁለት ሰዎች ዝምታ መካከል ነው። በእኔ እምነት እዚህ አገር ሶፍትዌር የሚበላሽበት ትልቁ ምክንያት የመሣሪያ እጥረት ወይም የእውቀት ማነስ አይደለም። ያየነውን ጥፋት አለመናገራችን ነው፤ ለመናገርም የተመቸ ቦታ አለማበጀታችን ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለማለት ነው።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ጤፍ አብቃይ ቤት ውስጥ ነው። በክረምት ትልቁ ሥራ አረም ነው። በአማርኛ «ማረም» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ እንደሚያገለግል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ማሳም ይታረማል፣ ጽሑፍም ይታረማል። ገበሬውም መምህሩም ያርማሉ። ቋንቋችን ሁለቱን አንድ ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው፤ እኔም ሥራዬን በዚህ ቃል ሳስበው ይበልጥ ይገባኛል። የስንዴ ማሳ ውስጥ እንክርዳድ ይበቅላል። በቡቃያነቱ ስንዴ ይመስላል፤ የሚለየው ሲያሸት ነው። ባግም እንዲሁ ነው። የኔ መስመር ከጎኗ ካሉት ትክክለኛ መስመሮች በመልክ አትለይም ነበር።

ብቻውን የሚያርም ገበሬ የለም። ወንፈል ይገባል። ዛሬ ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ወንፈል ከደቦ የሚለየው በዚህ ነው፤ በደቦ ባለቤቱ ደግሶ ይጠራል፣ በወንፈል ግን ተራው ይዞራል። ወንፈል የገባ ገበሬ ማሳው አረም እንዳለው ሰው ያያል ብሎ አያፍርም። አረም የሌለው ማሳ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የሚያሳፍረው ሳይታረም መቅረቱ ነው።

እኛ ኮድ ሪቪው የምንለው ወንፈል ነው። ብዙ ቦታ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ታላቁ የታናሹን ብቻ የሚያይበት ፈተና ይሆናል፤ ወይም ፑል ሪኩዌስቱ ሲመጣ ሳያነቡ «ጥሩ ነው» ብሎ መርጅ ማድረግ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው የይሉኝታ ልጅ ነው። ጓደኛህ ሦስት ቀን ለፍቶ ያመጣውን እንዴት «እዚህ ጋ ልክ አይደለም» ትለዋለህ? ቡና አብራችሁ ትጠጣላችሁ፤ ምሳ ላይ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። ስለዚህ ዝም ትላለህ። በዝምታህ ግን ነገ መስኮት ላይ የሚቆሙትን እናት ነው የጎዳሃቸው።

«መተራረም የፈረንጅ ባህል ነው፤ የእኛ ሰው አይወደውም» ሲባል እሰማለሁ። አልቀበለውም። ቅኔ ቤት ምን እንደሚደረግ አስቡ። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቆምና ይናገራል። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፤ ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የሳሳበትን ያሳየዋል። ተማሪው አይዋረድም። እርማቱን ይዞ ይሄዳል፣ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ሊቃውንት ናቸው አገሩን በቅኔ የሞሉት። ስለዚህ መታረምን እናውቅበታለን፤ ቢሮ ስንገባ ነው የምንረሳው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው።

ከጳጉሜን በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት የራሴን ኮድ በቡድኑ ትንሽ ለሆነው ሰው ማሳረም ነው። ያንኑ ልጅ ጠርቼ «ከዛሬ ጀምሮ የኔን የምታርመው አንተ ነህ» አልኩት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተያየቶቹ ሁሉ ምስጋና ነበሩ። ስለዚህ አውቄ ስሕተት እየከተትኩ መላክ ጀመርኩ። አንዱን ሲያገኘው ስብሰባ ላይ በስሙ አመሰገንኩት። በሁለተኛው ወር አውቄ ያልከተትኩትን አገኘ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ደፈሩ። ታላቅ ሳይታረም ታናሽ አይናገርም፤ ስለዚህ እዚህ ያላችሁ የቡድን መሪዎች መጀመር ያለባችሁ ከራሳችሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። አማርኛ ሰውየውን ከግሱ አይለይም። «ረሳኸው» ስትል ጣትህን ደረቱ ላይ ቀስረሃል። «አንተ» ልበል «እርስዎ» የሚለው ጭንቀትም አለ፤ ልጁን ዝም ያሰኘው በከፊል ይህ ነው። እኛ ያገኘነው መፍትሔ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ኮዱን ማድረግ ነው። «ይህ መስመር ቀሪው 3 ሲሆን ምን ይመልሳል?» ብሎ መጻፍ ይቻላል። አንተም አንቺም እርስዎም የለበትም። ጥያቄ ስለሆነም የጻፈው ሰው ራሱ ሄዶ ያየዋል፤ ያገኘውም እሱ ይሆናል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በእኛ ቡድን ግን የሪቪውን መልክ የቀየረው ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ይህ ነው።

ሦስተኛው መጠን ነው። ለሰው ሁለት ሺህ መስመር ላኩለት፤ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። አርባ መስመር ላኩለት፤ ስድስት ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ሰው ሄክታሩን ሁሉ በአንድ ቀን አያርምም። ሥራን በየዕለቱ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ መላክ በራሱ ሙያ ነው፤ ይለመዳል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ለዚህ ምቹ ነው። የኮዱ ሙሉ ታሪክ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን እንኳ ሥራችሁን በትንንሹ እየመዘገባችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ለእኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የሚያርመው ሰው የግድ ፕሮግራመር ላይሆን ይችላል። የሆስፒታል ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ካላችሁ ጠይቁት። «ፀሐይ» የሚለው ስም በፀ ወይም በጸ፣ በሐ ወይም በሀ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል። ያ ብቻ ስድስት መንገድ ነው። ለእኛ ሁሉም አንድ ሴት ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ሀ እና ሐ በድምፅ አንድ መሆናቸውን ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ በሽተኛዋ ዛሬ በአንዱ ፊደል ተመዝግባ በሚቀጥለው ወር በሌላው ስትፈለግ «ካርድ የላትም» ትባላለች። የአለርጂዋ ታሪክ፣ የደም ግፊቷ መድኃኒት በአሮጌው መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የአባት ስምን «የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚያስገድድ ፎርምም እንዲሁ ወንድምና እህትን ከአባታቸው ይለያል። ይህን አረም ከውጭ የመጣ መመሪያ አያሳያችሁም። የሚያሳያችሁ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። ኮዱን ማንበብ ባትችል እንኳ ስክሪኑ ፊት አስቀምጧትና «የት ጋ ይሰናከላል?» በሏት።

እስካሁን ስለ ቤታችን አወራሁ። ዝምታው ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዋጋውም በዓለም ላይ በትክክል የተቆጠረበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት አዲስ ኮድ ጭኖ የዕለቱን ሥራ ጀመረ። ሰርቨሮቹ ስምንት ናቸው። አንድ ባለሙያ በሰባቱ ላይ ጫነው፤ ስምንተኛው ቀረ። በስምንተኛው ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ፣ ግን ያልተነቀለ አሮጌ ኮድ ነበር። አዲሱ ሥራ ደግሞ የዚያን አሮጌ ኮድ ማስነሻ ምልክት መልሶ ተጠቅሞበታል። ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃና ማቆሚያ የሌለው ግዢና ሽያጭ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ፤ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ድርጅት ተጠቃለለ።

በዚህ ታሪክ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ገንዘቡ አይደለም። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲመረምር ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ባለሙያው የጫነውን ሁለተኛ ሰው አላየለትም፤ እንዲያይለት የሚያዝ የተጻፈ አሠራርም አልነበረም። ሁለተኛ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 ኢሜይል ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ የአሮጌውን ኮድ ስም እየጠራ። ማንም እርምጃ አልወሰደም። ማሽኑ ተናግሯል፤ የሚሰማው አልነበረም። ከዚያ ደግሞ በድንጋጤ ትክክለኛውን አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ነቀሉት፤ ጥፋቱ በስምንቱም ላይ ሆነ።

«ይህ የኒው ዮርክ ነገር ነው» የሚል ካለ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካስቀመጡት በላይ ብር ለማውጣት በኤቲኤም ፊት የተሰለፉበትን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያኔ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከተለመደ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገልጿል። የተለመደ ማሻሻያ የሚሉት ነገር የለም። እያንዳንዱ ለውጥ ሁለተኛ ዓይን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፍርሃት ልምጣ። ይሉኝታ የጓደኛን ጥፋት እንዳንናገር ያደርገናል፤ ፍርሃት ደግሞ የራሳችንን። የአብዛኞቻችን መሥሪያ ቤት ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው?» ነው። ጥያቄው እንዲህ ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «እኔ አይደለሁም» ነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን አታገኙትም።

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የሚባለው ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት ሲሠራ፣ መጠባበቂያው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ማጥፋት ጀመረ። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቃ፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ግድም የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ባክአፕ ለመመለስ ሲሄዱ ሌላ ጉድ ገጠማቸው። ካዘጋጇቸው አምስት የመጠባበቂያ መንገዶች በትክክል የሠራ አልነበረም። አንደኛው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባይ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው።

ድርጅቱ ምን አደረገ? የጥገናውን ማስታወሻ ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረገው፤ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ። በኋላ ባወጣው ዝርዝር ዘገባ ላይ መሐንዲሱ በስሙ አልተጠራም፤ «የቡድን አባል 1» ተባለ። የዘገባው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» አልነበረም። ሁለቱ ሰርቨሮች በዓይን ለምን አይለዩም? ባክአፑ ሲከሽፍ ለምን ማንም አልሰማም? ባክአፕ እንደሚመለስ ለምን በየጊዜው አልተሞከረም? ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚገኘው መልስ ነገ የሌላውን ሰው እጅ ይይዛል። ሰውየውን ብታባርሩት ግን ከሁሉም በላይ ያንን ጥፋት የማይደግመውን ሰው አባረራችሁ።

የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ያገኘችው ነገር መጀመሪያ ግራ አጋብቷት ነበር። መልካም አመራርና መቀራረብ ያላቸው የነርሶች ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ ስሕተት አስመዝግበው አገኘቻቸው። ነገሩን ጠጋ ብላ ስታየው ግን እነዚያ ቡድኖች ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን የተሳሳቱትን ስለሚናገሩ መሆኑን ተረዳች። የሌሎቹ ስሕተት ተደብቆ ነበር። ስለዚህ አለቆች፣ ባለፈው ወር ቡድናችሁ አንድም ስሕተት ካላሳወቃችሁ ደስ አይበላችሁ። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ለምን እንደፈሩ ጠይቁ።

ለነገሩ ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ማይክል ፋገን የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1976 የኮድ ምርመራን ሥርዓት ሲያሳትም፣ በምርመራው የተገኘው የስሕተት ብዛት ለሠራተኛ ምዘና እንዳይውል አጥብቆ መክሯል። የሰውን ስሕተት ቆጥራችሁ ከደመወዝ ዕድገቱ ጋር ካገናኛችሁት ስሕተት መታየቱ ይቆማል። መኖሩ ግን አይቆምም።

ስለ ዕዳ ጥቂት ልበል። ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1992 ያመጣው «የቴክኒክ ዕዳ» የሚለው አነጋገር ዛሬ በሁሉም አፍ አለ። ለጊዜው ብሎ መጻፍና ቶሎ ማድረስ ብድር ነው፤ ቶሎ ከተከፈለ ጥሩ ነው። ካልተከፈለ አራጣ ይሆናል። ናይት ካፒታል ላይ ከ2003 ጀምሮ የተኛው ኮድ ያልተከፈለ አራጣ ነበር። «በሚቀጥለው ቨርዥን እናስተካክለዋለን» የሚለው ቃል ሲነገር እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር አስባለሁ። የቦይንግ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2017 በ737 ማክስ ላይ አንድ ጉድለት አግኝተው ነበር። ሁለቱ የአፍንጫ ማዕዘን ጠቋሚዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው ምልክት፣ አየር መንገዱ ሌላ ተጨማሪ አማራጭ ካልገዛ በቀር አይሠራም ነበር። ድርጅቱ የደኅንነት ችግር አይደለም ብሎ ለሚቀጥለው የሶፍትዌር ማሻሻያ አቆየው። የማክስን አደጋዎች ያመጣው ይህ ነው አልልም፤ ዋናው ምክንያት በአንድ ጠቋሚ ብቻ እየታመነ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ነበር። ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 አንድ ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎችን የቀበርን አገር ሰዎች ነን። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ የኢንዶኔዥያው አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። አንድ ጠቋሚ፣ ሁለተኛ የሚያመሳክር የሌለው። ሥራችን የሰው ሕይወት ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚደርስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሕዝብ ብዙ የለም። ስለዚህ የሚቆይ ነገር ሲኖር ይጻፍ፤ ማን መቼ እንደሚከፍለው ይጻፍ፤ በየወሩ ይከፈል።

ስለ ምርታማነት ደግሞ አለቆች ይህን ስሙኝ። ሰው ስንት መስመር እንደጻፈ፣ ስንት ሰዓት እንዳመሸ እየቆጠራችሁ ከሆነ የምትቆጥሩት አረሙንም አብራችሁ ነው። የኔ ምርጥ ቀኖች መስመር ያጠፋሁባቸው ናቸው። ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመርም አያድንም። የአይቢኤምን ኦኤስ/360 የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በራሱ ላይ ከደረሰው አስረድቷል። አምስት ሰዎች ሲሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚነጋገሩበት መንገድ 10 ነው፤ አሥር ሲሆኑ 45 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት ደግሞ ያው የዘገዩት ናቸው።

ይልቅ ኒኮል ፎርስግሬን፣ ጄዝ ሃምብልና ጂን ኪም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መጽሐፍ ያቀረቧቸውን አራት መለኪያዎች እመክራለሁ። ለውጥ በምን ያህል ድግግሞሽ ተጠቃሚው ጋ ይደርሳል? አንድ ለውጥ ከተጻፈ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከደረሱት ስንቱ ያበላሻል? ሲበላሽ በስንት ጊዜ ይነሳል? ያገኙት ዋና ነገር ለብዙዎቻችን አስተሳሰብ ተቃራኒ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚያደርሱት ቡድኖች ሥራቸውም ጠንካራ ነው። ፍጥነትና ጥራት አይጣሉም። ምክንያቱን ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ፤ ትንሽ ለውጥ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ሲበላሽም የት እንደሆነ ይታወቃል። በስድስት ወር አንዴ የሚጫን ትልቅ ሥራ ግን ማንም አያርመውም፤ ሲፈርስም ስድስት ወር ሙሉ የተሠራውን መበርበር ነው።

አንድ ሰው ቅድም በሩ ላይ «ታዲያ አውቶማቲክ ቴስት ካለ ሪቪው ለምን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የያዛችሁልኝን ነጥብ አሁን መልሱልኝ። ቴስት ያሰብከውን ይጠብቅልሃል፤ ያላሰብከውን አያስብልህም። የኔ ቴስት 2008ን አልፎ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አለ። ወንፈሉ አረሙን ያገኛል፤ የተገኘው አረም ሁሉ ቴስት ሆኖ ይጻፋል፤ ማሽኑ በየለውጡ ይፈትሸዋል። ያ ልጅ ዛሬ የራሱን ቡድን ይመራል። የቀን ማጣሪያውን ክፍል ቴስቶች አብረን ነው እንደ አዲስ የጻፍናቸው፤ ከ2007 እስከ 2019 ያሉትን ጳጉሜኖች በሙሉ ከወንጌላውያኑ ስም ጋር አስገብተናል። እናቴ ጋ ደውለን ስናመሳክር ያነጋገራት እሱ ነው፤ ስልኩን ከእጄ ወስዶ።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ ነው። ነገ ቢሮ ስትገቡ የኢትዮጵያን ቀን የሚያጣራውን ኮዳችሁን ክፈቱና ቀሪው ስንት እንደሚል እዩ። 0 የሚል ካገኛችሁ፣ የጻፈው ሰው ማንም ይሁን፣ ከምሳ በፊት ንገሩት።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ከኋላ ካሉት ልጆች እንጀምር።